የሀቢቡላህ ኮምፒውተር እና የፊርዶስ ሰርግ

ሄርማታ ሰፈር ውስጥ ሀቢቡላህ ያልቀረጸው ሰርግ ካለ፣ ተደብቀው የተጋቡ ናቸው ማለት ነው። ካሜራ እንደተሸከመ ጢሙ ሸበተ። ከአጋሮ እስከ ሸቤ ድግስ ያለው ሁሉ እሱን ይጠራል። የቀረጸውን ደግሞ አይጥልም፤ ሁሉም በአንዲት ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ይከማቻል። ሰውም ይህን ስለሚያውቅ ሲዲው ቢሰበር፣ ስልኩ ቢሰረቅ «ሀቢብ ዘንድ አለ» ብሎ አይጨነቅም።

አዎ፣ አለ። እንዴት እንዳለ ግን አላህ ይወቀው። ሀቢቡላህ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ቦታ አይመርጥም እንጂ። ሱቁ የገባ ሁሉ ፍላሹን አውጥቶ «ማሎ፣ አንዲት መንዙማ ጫንልኝ» ብሎ ይለምነዋል። እሱም ፍላሹ ስንት ኮምፒውተር ሲዞር እንደዋለ ሳይጠይቅ ይሰካዋል። የሰው ፍላሽ መመለስ ለእሱ እንግዳን ከደጅ መመለስ ነው። ጸረ ቫይረሱ ጊዜው አልፎ «አድሱኝ» እያለ በየጠዋቱ ብቅ ሲል ደግሞ እንደ ዝንብ እሽ ብሎ ይዘጋዋል። ሚስቱ ፈሂማ ቢሮ ስለምትሠራ የኮምፒውተርን ጉድ አይታለች።

«ሌላ ሃርድ ዲስክ ግዛና ገልብጠህ ቤት አስቀምጥ» ትለዋለች።

«አላህ ይጠብቀዋል።»

«ግመልህን እሰር፣ ከዚያ ተመካ ነው የተባለው። አንተ እኮ ገመድም የለህ!»

ይስቃል። ብልህ ሚስት ያለው ሞኝ ሲስቅ ማየት ያናድዳል።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ ተመልሶ ኮምፒውተሩን ቢከፍት ሰርጎቹ የሉም። በየፎልደሩ ቦታ ሾርትከት ብቻ ተደርድሯል፤ ቢነካው አይከፈትም። ከእነዚያ እንግዳ ፍላሾች አንዱ ቫይረስ ይዞ ገብቷል። በማግስቱ ደግሞ ትልቅ ሰርግ ይጠብቀዋል። እዚህ አገር ኮምፒውተር ሲታመም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት ማድረግ። «ቫይረስ በልቷቸዋል» ብሎ ማንንም ሳይጠይቅ ሙልጭ አድርጎ ፎርማት አደረገው፤ በላዩም አዲሱን ሰርግ ጫነበት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እሱ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ አዴ ማሂራ ከሸቤ መጡ። የልጃቸውን የፊርዶስን ሰርግ የቀረጸው ሀቢቡላህ ነው፤ ፊርዶስ በወሊድ ሞታለች። እናትየው ከማሸጊያው ያልወጣ አዲስ ፍላሽ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ነበር።

«የእኛ ሲዲ ተጭሮ አልሠራ አለ። አንተ ዘንድ አለ ብዬ መጣሁ» አሉ። «ድምጿን እየረሳሁት ነው።»

ሀቢቡላህ መሬት መሬት አየ። «አዴ፣ ቫይረስ በላው» አለ።

እሳቸው ስለ ቫይረስ ምን ያውቃሉ? «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ» አሉ። ፊቱ ሲጠቁር አይተው እሱኑ ያጽናኑት ጀመር። «አይዞህ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ!»

እውነቱን የሰማው ሰንብቶ ነው። እነሀቢቡላህ ግቢ ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው የኮምፒውተር ተማሪ ኢፍቱ የሆነውን ሲያጫውታት ደነገጠች።

«ጋሼ፣ ያ ቫይረስ እኮ ፋይል ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። ፎርማት ባያደርጉት ኖሮ ሁሉም እዚያው ነበር።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ሰው መጠየቅ በቂ ነበር። ፊርዶስ ከነድምጿ፣ ከነሳቋ እዚያው ነበረች። ያጠፋት የገዛ እጁ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልንገራቸው፣ አልንገራቸው» ሲል ከረመ።

በመጨረሻ ሸቤ ሄደ። አዴ ማሂራን የተሰጣ ቡና ሲያገላብጡ አገኛቸውና አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው። ቫይረሱ ደብቆት እንጂ በልቶት እንዳልነበር፣ የሰረዘው ራሱ እንደሆነ ተናገረ።

አላለቀሱም። እጃቸው ብቻ ቡናው ላይ ቀረ።

«ይህን ለምን ነገርከኝ?» አሉት። «እኔ ቀደር ነው ብዬ ተኝቼ ነበር። አንተ ነህ ካልከኝ ከእንግዲህ በምን እተኛለሁ?»

«አዴ፣ አፉ በሉኝ...»

«ሂድ ልጄ። ቫይረስ ነው ብለኸኝ ነበር፤ ቫይረስ ይሁንልኝ።»