ከሐርጌሳ ምን አመጣህልን?

ድሬዳዋ፣ ማክሰኞ ማለዳ

ሐርጌሳ የሄድኩት አባቴን ለማምጣት ነው። በሚቀጥለው እሁድ የዳንኤል ሽማግሌዎች እኔን ሊጠይቁ ቤታችን ይመጣሉ፤ አባቴ ግን በስልክ «አጎትሽ ይቀበላቸው» ብሎ ዘጋብኝ። አጎቴ ምንም የማይወጣለት ሰው ነው። ቢሆንም አባቴ በሕይወት እያለ አጎቴ የሚድረኝ ምክንያት አልታየኝም። እማዬ «ካልመጣ አታስጨንቂው» ብላ በሶ ቋጠረችልኝ። እኔ ሰው አስጨንቄ ነው የማድረው፤ በሶውን ይዤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተነሳሁ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። በእኛ ቤት ሐርጌሳ ማለት እስር ቤት ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ እኔ አንደኛ ክፍል ሳለሁ መኪናው ላይ ኮንትሮባንድ ተያዘ። ጭነቱ የሌላ ሰው፣ እስሩ የእሱ ሆነ። እማዬ ለጎረቤት «ሐርጌሳ ሥራ አግኝቶ ሄደ» አለች። እኔንም «ሰው ከጠየቀሽ ሐርጌሳ በይ» ብላ አስጠናችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘመድ ልንጠይቅ ነው እያልን ሌላ ከተማ ወዳለው ማረሚያ ቤት ስንቅ ይዘን እንሄድ ነበር። በሩ ላይ ጠባቂው ሳህኑን አስከፍቶ «ቅመሱ» ይላል። የእማዬ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ቀማሿ እኔ ነበርኩ።

አራተኛ ክፍል አስተማሪያችን ስለ ጎረቤት ከተሞች የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ እጄን አወጣሁ። «ሐርጌሳ በሯ ብረት ነው፤ የሚገባው ቅዳሜ ብቻ ነው» አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። አስተማሪው አልሳቀም፤ ከዚያ ወዲያ እስክሪብቶ ሲያልቅብኝ ሳልጠይቀው የሚሰጠኝ እሱ ነበር።

ከባቢሌ እስከ ውጫሌ

ሐረርን አልፈን ባቢሌ ላይ ሹፌሩ ለለውዝ ቆመልን። ለውዙ ገና ትኩስ ነበር፤ አንድ ፌስታል ገዝቼ ጅግጅጋ ሳንደርስ ጨረስኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ሐርጌሳ ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ነበረች። መንገዱን ሙሉ ስትመክረኝ ሄደች። ራስሽን ሸፍኚ፤ «ሶማሊያ» እንዳትይ፣ ይቆጣሉ፣ «ሶማሌላንድ» በይ። ሌባ አትፍሪ፣ ፀሐዩን ግን ፍሪ።

ድንበሩ ላይ ባለችው ቶጎ ውጫሌ ወረቀቴን አስመትቼ ድንበሩን በእግሬ ተሻገርኩ። ማዶ የተሳፈርንባት መኪና መሪዋ በቀኝ ነው፤ የምትነዳውም በመንገዱ ቀኝ ነው። እኔ ከፊት በግራ ስለተቀመጥኩ ሹፌሩ የጭነት መኪና ሊቀድም በፈለገ ቁጥር በዓይኑ እኔን ይጠይቃል። አንገቴን አስግጌ አያለሁ፤ ከዚያ ባለኝ የድሬ ሶማሊኛ ሂድ ወይም ቆይ እለዋለሁ። ግመል፣ ግራር፣ ኬላ፣ እንደገና ግመል። ሐርጌሳ ስንደርስ በረዳትነት ሊቀጥረኝ እንደሚፈልግ ነገረኝ።

ዋሄን

ከተማዋ በር የላትም። ይህን ማንም ሰው ያውቃል፤ እኔ ግን መኪናው ዝም ብሎ ሲገባ ብቻዬን ሳቅሁ።

ዋሄን ገበያ ላይ ወረድኩ። መንዛሪዎቹ የሽልንግ ክምር እንደ ጡብ ደርድረው ከኋላው ተቀምጠዋል። አዛን ሲል ጨርቅ ጣል አድርገውበት ወደ መስጊድ ሄዱ፤ ክምሩን ማንም አልነካውም። ሕዝቡ እርስ በርሱ እየተገፋፋ ያልፋል፣ ተሸካሚ ከኋላ ይጮሃል፣ ፍየል መሃል መንገድ ላይ ካርቶን ትበላለች። የባጃጅ ሹፌር ስፈልግ አብዲ የሚባል ጎልማሳ አገኘሁ። አማርኛ ስናገር ሰምቶ ነው የቆመልኝ፤ ልጅነቱን ድሬዳዋ ነው ያሳለፈው። ታደሰ የሚባል ግንበኛ እንደምፈልግ ነገርኩት።

«ፉንዲ ታደሰን ነው?» አለ። ፉንዲ የሚሉት የእጅ ባለሙያን ነው። «አቦ፣ እሱን የማያውቅ አያሃ ውስጥ የለም። ምንሽ ነው?»

«አባቴ።»

«ማሻአላህ። እንግዲያው ሂሳብ የለም፣ ግቢ።»

አያሃ

አያሃ ከከተማው ጠርዝ ላይ ያለ ሰፈር ነው። አዲስ የብሎኬት ቤትና የቆርቆሮ ጎጆ ተደባልቀው ቆመዋል። አባቴ መወጣጫ ላይ ቆሞ ቱምቢ ጥሎ ግድግዳ ይለካ ነበር። ግንበኝነቱን የተማረው እስር ቤት ነው። አየኝ፤ ቱምቢውን ቀስ አድርጎ ጠቀለለና ወረደ። ሲያቅፈኝ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ሸተተኝ። መጀመሪያ የጠየቀኝ እማዬ ደህና መሆኗን ነው።

ምግብ ቤት ወሰደኝ። ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ ሙዝ። እዚያ ሙዙን ከሩዙ ጋር ነው የሚበሉት፤ ይጣፍጣልም። ሳህኑ እንደቀረበ አንድ ጉርሻ ቀመስኩና ወደ እሱ ገፋሁት። አባቴ ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ።

«እዚህ ቅመሱ የሚል የለም፣ ልጄ» አለኝ።

ያኔ ነው ያደረግሁት የገባኝ። ለዳንኤልም ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የማደርገው፤ እሱ ሆዳም እያለ ይስቅብኛል። እኔም ልስቅ ጀምሬ እንባዬ ቀደመኝ።

ከበላን በኋላ የመጣሁበትን ነገርኩት። ሽማግሌ ፊት ምን ብዬ ልቀመጥ አለኝ። ከዚያ እስከዛሬ ያልነገረኝን ነገረኝ።

«ከእስር ለወጣ ሰው እንኳን እግዜር አስፈታህ ይባላል። ያንን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ቤት ስገባ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። አስካለ ሳመችኝና ‹ከሐርጌሳ ምን አመጣህልን?› አለች። አንድ ፌስታል ልብስ ነበር የያዝኩት። ሁሉም ፌስታሉን አዩት።»

ወይዘሮ አስካለ የግድግዳ ጎረቤታችን ናት። እማዬ የነገረቻትን እውነት ብላ ነው የጠየቀችው፤ ክፋት የላትም። አባቴ ግን ወር ሳይሞላው ሻንጣውን ይዞ ሐርጌሳ ሄደ፤ ወደ እውነተኛዋ። እኔ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። እማዬ «አባትሽ ሐርጌሳ ሄደ» ስትለኝ ያልኳት ትዝ ይለኛል። «ስንቅ ቅዳሜ ነው የምናደርስለት?»

«ዳንኤል ሁሉንም ያውቃል» አልኩት። «የማያውቀው ሰፈሩ ነው። አባዬ፣ እኔ የእስረኛ ልጅ ሆኜ ነው ያደግሁት። አላፈርኩበትም። አንተም በእኔ ስም አትፈር።»

ጀምሮት የነበረውን ግድግዳ ሳይጨርስ ንቅንቅ እንደማይል ብቻ ነገረኝ፤ እኔም ብሎኬት እያቀበልኩ እስኪያልቅ ጠበቅሁት። አርብ ከሰዓት ቱምቢውን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠና አብዲን ጠራው።

ዋሄን ስንደርስ አዲስ ትልቅ ሻንጣ አነሳ። ሽቶ ለአስካለ፣ ሸሚዝ ለልጇ፣ ቴምር ለእነ እገሌ እያለ ሰፈሩን በሙሉ ሊሞላበት ነበር። ሻንጣውን ከእጁ ወስጄ ለነጋዴው መለስኩ። ባዶ እጅህን ነው የምትገባው አልኩት። ተከራከርን፤ አብዲም ከእኔ ጋር ወገነ። በመጨረሻ ለእማዬ አንድ ሰማያዊ ሻሽ ገዛ። ለእሷ ሲሆን አልከለከልኩትም።

ቤት፣ እሁድ

በመመለሻው መንገድ ስለዚህ ነገር ሳስብ መጣሁ። እማዬ ውርደቱን የደበቀች መስሏት ነበር፤ አብራ ደስታውንም ደበቀችው። ሲታሰር የሚያዝንልን አልነበረም፣ ሲፈታም ደስ የሚለው ጎረቤት አጣን። አልወቅሳትም። ከድሬ ሐርጌሳ ደርሶ መልስ ያስተማረኝ ግን ይህንን ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አባቴም ተነሥቶ ቆመ። አጎቴና ወይዘሮ አስካለ ከእኛ ወገን ነበሩ፤ እማዬ ትሪ ይዛ በጓዳው በር ላይ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለጨዋታ መክፈቻ ይመስለኛል፣ አቶ ታደሰ ብዙ ዘመን ሐርጌሳ እንደኖሩ ሰምተናል አሉ።

«ሐርጌሳ የሄድኩት በኋላ ነው» አለ አባቴ። «መጀመሪያ እስር ቤት ነበርኩ። ልጅ ሊጠይቁ ነው የመጡት፤ እንግዲህ ይህቺ ልጅ ስንቅ እየቀመሰች ያኖረችኝ ናት።»

የእማዬ ትሪ ላይ ብርጭቆዎቹ ሲንኳኩ ይሰማኛል። ወይዘሮ አስካለ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ መጣችና አባቴን እያገላበጠች ሳመችው።

«እንኳን እግዜር አስፈታህ፣ ታዴ» አለችው።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» ያለችው እማዬ ናት፣ ከበሩ ላይ።