የሞተ አይጥ ፍለጋ

ከግቢያችን አጥር ጀርባ የምግብ ቤቶች መደዳ አለ። በኮሮና እስኪዘጉ ድረስ እዚያ ስንት አይጥ እንደሚኖር አስበንም አናውቅ። ሩዝና ሥጋ እየተደፋላቸው የእኛ ፍርፋሪ ምን ያደርግላቸዋል? ምግብ ቤቶቹ ሲዘጉ ትራፊ ይለቃቅሙ የነበሩት ድመቶች የት እንደገቡ ጠፉ፤ አይጦቹ ግን አጥሩን ተሻግረው እኛ ዘንድ መጡ። እኛን ከቤት አትውጡ ያለን ሰው ለእነሱ አልነገራቸውም።

በድምፅ ማጉያ "የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን!" እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው መርዝ ሻጭም እንደ ሌላው ሰው ቤቱ ተቀምጧል። ቢመጣም አንገዛውም ነበር፤ ኤዶ ፍየሎች አሏት። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ግቢውን ከእኛ ጋር የምትጋራ ባለሱቅ ናት። ፍየሎቿ የጫት ገራባ፣ ወረቀት፣ ያገኙትን ሁሉ ይበላሉ። የዱቄት ጆንያዋን ተቀዶ ያገኘች ጊዜ መጀመሪያ የደበደበችው እነሱን ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኼ ነው። ወጥመድም አጠመድን። አንድ ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ምግቡን እየበሉ ወጥመዱን ለእኛ ይተዉልን ጀመር።

አንድ ጠዋት ኤዶ የእግሯን አውራ ጣት በጨርቅ ጠቅልላ እያነከሰች መጣች። ግቢ ውስጥ እንደተኛች አይጥ ነክሷት ነው።

"ዋላሂ አባዮ፣ አሞኝ ባልነቃ ኖሮ ጣቴን ይጨርሰው ነበር" አለችኝ፤ አባዮ እህቴ ማለቷ ነው።

አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጦ ይሰማታል። እግሩን ስኳር ካደነዘዘው ቆይቷል፤ ፍም ቢረግጥ አያውቅም። ዓይኑም ደክሟል።

"እኔን ቢበላኝ አልነቃም" አለ፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር።

"ቤት ውስጥ ተኛ" አልኩት።

"በዚህ ሙቀት? ቆርቆሮ ሥር ልቀቀል?"

እውነቱን ነው፤ በግንቦት ድሬዳዋ ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም፣ አልጋ ሁሉ ደጅ ይወጣል። ስለዚህ የራሱን መላ አመጣ። ምድር ባቡር ሲሠራ ያደርገው የነበረውን፣ ጫፉ ብረት የሆነውን ጫማ ከሣጥን አውጥቶ አቧራውን ጠረገ። ክሩን አጥብቆ አሰረና ጋደም አለ።

"ይኼን እንኳን አይጥ ባቡርም አልበላው።"

"አንተ ሺሚኖ፣ ጅቡቲ ልትሄድ ነው?" አለችው ኤዶ። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ ጡረታ የወጣም ቢሆን የባቡር ሠራተኛ ሁሉ ሺሚኖ ነው። ሦስታችንም ሳቅን። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል አንድ ነገር መፍትሔ በማግኘቱ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ጫማውን አድርጎ ይተኛል፤ ጠዋት ራሱ ያወልቃል፣ ካልሲውን ራሱ ይቀይራል። እግሩን ሰው እንዲነካበት አይወድም።

እየቆየ ግቢው መሽተት ጀመረ። የሞተ ነገር ሽታ ነው። ማናችንም አልከፋንም፤ አንዱ ሞቷል ማለት ነዋ። ቁም ሣጥን አነሳን፣ የውሃ በርሜል አንከባለልን፣ ኤዶ ጆንያዎቿን አንድ በአንድ አወጣች። ከሁላችን ይልቅ የተደሰተው አባቴ ነበር። ከዘራውን ይዞ እየተከተለን "እዚህ ጋ ይበረታል" ይለናል። አልዋሸም፤ እሱ በቆመበት ሁሉ ይበረታ ነበር።

ኤዶ አልጋው ሥር ልታይ እሱ አጠገብ ጎንበስ ባለችበት ቀረች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች።

"ወራያ፣ አንተ ሰውዬ፣ ካልሲህን አውልቅ።"

ትንሿ ጣቱና ከጎኗ ያለችው ጠቁረዋል። በሙቀቱ ያበጠውን እግሩን ያ ብረት ሌሊት ሌሊት ሲጫነው ከርሟል።

"አይጥ ነው?" አለ አባቴ።

"ጫማው ነው አባባ።"

ባጃጅ እስክናገኝ ረፋዱ አለፈ። ሐኪሙ ከማስኩ ሥር ሆኖ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ አለን፤ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ። የምጣላው አካል አጣሁ። አይጦቹን እንዳልረግማቸው አልነኩትም።

ጫማውን ኤዶ ወስዳ ጣለችው። ምግብ ቤቶቹ ተከፈቱ፣ አይጦቹም ወደ ሩዛቸው ተመለሱ። ይኼን ስነግረው አባቴ አያምነኝም። ሙቀቱ ሲመጣ አልጋው እንደ ወትሮው ደጅ ይወጣል፤ እኔም ሲመሽ ግርጌው ተቀምጬ የቀረችውን እግሩን በሁለት እጄ እይዝለታለሁ። ሌላ የማደርግለት ነገር የለኝም። እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ደጋግሞ ይጠይቀኛል።

"ይዘሻታል?"

"ይዣታለሁ አባባ።"