የአብዱሰመድ ጠጅ ሳር

ከውርጌሳ አስፋልት በእግር ግማሽ ሰዓት ገባ ብሎ የሚኖረው አብዱሰመድ፣ አዲስ ነገር ሳይሞክር ዓመት የማይዞርበት ገበሬ ነው። ቀፎ ሰቅሎ ንቦቹ ጥለውት ሄደዋል፤ ፓፓያ ተክሎ ሁሉም ወንዴ ሆኖበታል። ዘንድሮ ደግሞ የማሽላ መሬቱን ሙሉ ጠጅ ሳር ተከለበት። ወልድያ ላይ ሳሩን በእንፋሎት ቀቅሎ፣ ለመድኃኒትና ለሳሙና የሚሆን ሽታው የጣፈጠ ዘይት የሚያወጣ ድርጅት አለ ብለውት ነው።

ሰፈሩ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ደግሞስ ምን ያድርግ! ሳር ሳይጠሩት የሚመጣ ነገር ነው፤ ሰው ሲያርመው እንጂ ሲተክለው ማን አይቶ ያውቃል? የሰፈሩ እድር፣ የቅሬው ሰብሳቢ ሐጂ ሙጃሂድማ ባገኙት ቁጥር፣ «አብዱሰመድ፣ ሙጃስ ዘንድሮ አልዘራህም?» ይሉታል።

ሚስቱ አሚና ግን አልሳቀችም። «ከወልድያው ድርጅት የምትመጣው ባለሙያ ካልወደደችው ነቅለህ ማሽላዬን ትመልሳለህ» አለችው። አብዱሰመድም ማለላት። ያስጨነቀው ማሽላው አይደለም፤ ሐጂ ሙጃሂድ እያዩት የገዛ ሳሩን መንቀሉ ነው።

በየካቲት ባለሙያዋ ምሕረት ደወለች። የቆመውን ሳር ለክታ ጥሩ ከሆነ ዕለቱን ውል እንደሚፈራረሙ ነገረችው። አብዱሰመድ ደስታው አላስቀምጥ አለው። ቅሬው በተሰበሰበበት ብድግ ብሎ፣ «ወገን፣ ትልቅ እንግዳ ይመጣብኛል። እስከዛሬ ለሳቃችሁት አውፍ ብያችኋለሁ፤ እንግዳዬ ፊት ግን አታሳፍሩኝ» ብሎ ለመነ።

ወሎ ደግሞ በእንግዳ አይቀልድም። በቀጠሮው ጧት አብዱሰመድ ምሕረትን ሊቀበል ወደ አስፋልቱ እንደወረደ፣ ሐጂ ሙጃሂድ ሰፈሩን ጠርተው አሰለፉ። ግቢው ተጠረገ፣ መንገዱ ተጠረገ፣ የቀረው ጉዝጓዝ ብቻ ሆነ። የተከበረ እንግዳ በባዶ መሬት አይገባማ! ይሁንና የወንዙ ዳር ቄጠማ በበጋው ደርቋል። በአገሩ ለምለም ነገር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

«የራሱን ሳር ለራሱ እንግዳ! ከዚህ የበለጠ ምን ክብር አለ?» አሉ ሐጂ። አሚናም ባሏ ያዘዘ መስሏት ማጭድ አቀበለች። አርባ ሰው ማሳው ላይ ወረደ።

አብዱሰመድና ምሕረት ወደ መንደሩ ሲቃረቡ ሽታው ቀድሞ ተቀበላቸው።

«ጋሼ፣ ማሳዎ ገና ሳንደርስበት ይሸታል እኮ! እንዲህ ያለ አጋጥሞኝ አያውቅም።»

«ማሻአላህ በይ ልጄ፣ በዓይን እንዳትበይው» አለ አብዱሰመድ እየተጀነነ።

ትንሽ እንደሄዱ እግሩ ለስላሳ ነገር ረገጠ። ጎንበስ ብሎ አየ። መንገዱ እስከ ግቢው ድረስ አረንጓዴ ነው። ቀና ሲል ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ሐጂ ሙጃሂድ በነጭ ጀለቢያ ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ማሳው እንደ ተላጨ ራስ ሆኗል።

አብዱሰመድ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ግን የሐጂን ፊት አየ። ዓመቱን ሙሉ ሲያሾፍበት የከረመው ፊት በላብ ርሶ፣ በኩራት በርቷል። እንባው መጣ፤ የንዴት ይሁን የፍቅር እሱም አላወቀም።

«እህሳ፣ አኮራንህ?» አሉት።

«ከሥሬ ነው ያኮራችሁኝ፣ ሐጅዬ።»

ምሕረት ሜትሯን እንደያዘች የምትለካው አጣች። ከዚያ ሳቁ አሸነፋትና ጉዝጓዙ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗን ጠራርጋ ለሙከራ የሚሆን አንድ እቅፍ ሳር ከመንገዱ ለቀመች።

«አይዞዎት ጋሼ። ጠጅ ሳር ሥሩ እስካለ ድረስ ያቆጠቁጣል። ሽታውን ወድጄዋለሁ፤ ቆሞ ሳላየው ግን መፈረም አልችልም። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ እመጣለሁ።»

«ከሦስት ወር በኋላ የማሽላ መዝሪያ ነው» አለች አሚና ባሏን እያየች። «ያኔም ቆሞ ካላየችው እኔው ራሴ ነው የምነቅለው።»

ሐጂ ሙጃሂድ ነገሩን ለማብረድ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

«ልጄ፣ በሦስት ወር በሰላም ያገናኘን! ያኔማ፣ ኢንሻአላህ፣ ከአስፋልቱ ጀምረን ነው የምንጎዘጉዝልሽ!»

ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «አሚን!» አለ። አብዱሰመድ ብቻ አሚን ሳይል ማጭዶቹን ከየሰዉ እጅ ይለቅም ጀመር።