«ሥራ አለሽ?» የሚለው ጥያቄ

«ሥራ የለኝም ያለችው እሷ ራሷ ናት። የሞላሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። አሁን ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

«ያለችውን ነው የሞላሁት፣ አቶ ታምሩ። ስትመልስልኝ ግን እንሰት እየፋቀች ነበር። እጇ እስከ ክርኗ ርሶ ነበር።»

«መጠይቁ ላይ የክርን እርጥበት የሚሞላበት ቦታ ካለ አሳዪኝና ልሙላልሽ።»

ዴታሞ ሳቀ። ከዚያ ለማን እንደሳቀ እንዳይታወቅበት ስልኩን መነካካት ጀመረ።

አቶ ታምሩ የጥናቱ አስተባባሪ ናቸው። ዴታሞና እኔ ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ ነን። ሦስታችንም ሆሳዕና በተከራየነው አንድ ክፍል ቢሮ ውስጥ ነበርን፤ ሪፖርቱም የዚያን ዕለት መላክ ነበረበት። በሪፖርቱ መሠረት አንድ የእንሰት መፋቂያ ማሽን ወይ ጊምቢቹ ዙሪያ ላሉ ሴቶች ይሰጣል፣ ወይ ቦኖሻ ዙሪያ ላሉት። መመዘኛው የሥራ ጫና ነው፤ ጫና ለበዛባቸው ይሰጣል። በሰበሰብነው መረጃ ግን የጊምቢቹ ሴቶች ሥራ የላቸውም። ሥራ ከሌላቸው ጫናም የላቸውም። ቦኖሻ ገበያ በርበሬና በቆሎ የሚሸጡት ሴቶች ደግሞ ሥራ አላቸው፤ ስለዚህ ማሽኑ እንሰት እምብዛም ወደማይፋቅበት ቦታ ሊሄድ ነው።

ይህን ነገር ለሰው ስነግር ቀልድ ይመስለዋል። ለእኔ የተለመደ ነው። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ታሪክ አያጣም።

መረጃ መሰብሰብ የጀመርኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ያልመጣልኝ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ቀን ስልጠና ነበር። አሠልጣኙ ፊት ለፊት አቆሙኝና መጠይቁን ጮክ ብዬ እንዳነብ አዘዙኝ። አንዱን ጥያቄ ትንሽ አሳምሬ አነበብኩት።

«ቃል አትጨምሪ፤ ቃል አትቀንሺ» አሉኝ። «ፊትሽንም አትቀያይሪ።»

«ፊቴን ምን ላድርገው?»

«ግድግዳ አድርጊው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ነገሩ ግን ቁም ነገር አለው። አንዷ ጠያቂ እየሳቀች፣ ሌላዋ እየተኮሳተረች ብትጠይቅ ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣል። በቃላት መጫወት ስለምወድ ሕጉ ቢከብደኝም ተማርኩት። ጥሩ ግድግዳ ወጣኝ።

መጀመሪያ የላኩኝ ለወባ ጥናት ነው። የትንኝ ወጥመድ በየቤቱ አልጋ አጠገብ እንሰቅላለን፤ ጠዋት የገባችውን ቆጥረን እንመዘግባለን። ውጤቱ፣ ትንኟ ሰው የምትነክሰው ቤት ውስጥ ነው አለ። አንድ አባወራ ግን «እኛ እኮ እስክንተኛ ድረስ ደጅ ነን» አለኝ። ለተመራማሪው ነገርኩት። ትሑት ወጣት ነበር፤ ራሱን አከከና «ለደጅ የሚሆን ወጥመድ አልተገዛም» አለኝ። ቤት ውስጥ ፈለግናት፣ ቤት ውስጥ አገኘናት።

ቀጥሎ ሞርሲቶ አካባቢ የአፈር ናሙና ወሰድን። ዝናብ ስለነበር ከቤት ብዙ ሳንርቅ ከየጓሮው ቆፈርን። ጓሮ ውስጥ እንሰት አለ፤ እንሰት ያለበት አፈር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ፍግ ሲበላ የኖረ ነው። አፈሩ ለም ነው ተባለ። ሌላ ቡድን በበጋ መጥቶ ከዳገቱ ማሳ ቆፈረና አፈሩ አልቆለታል አለ። ሁለቱ ቡድኖች በስብሰባ ላይ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። የሁለቱም መሬት የአንድ ገበሬ ነበር።

አንጋጫ ትምህርት ቤት ደግሞ የልጆችን ንባብ በሰዓት እየያዝን በአማርኛ ፈተንን። ከፊቴ ተቀምጣ አንድ ቃል ያልወጣት ልጅ፣ እረፍት ላይ ለጓደኞቿ በከምባትኛ ተረት ስትተርክ ደረስኩባት። ጓደኞቿ በሳቅ ይንከባለላሉ። በመጠይቁ ላይ «አንደበቷ የታሰረ» ብዬ ሞልቻት ነበር። የሞላሁት የተጠየቅኩትን ነው።

የጊምቢቹው ግን ከሁሉም ባሰብኝ።

በዚያ አካባቢ እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፤ የሚፋቀውም ጓሮ ነው። ሲፍቁ ደግሞ ወንድ አይጠጋም፤ ነውር ነው። የእኛ ቡድን ከእኔ በቀር ሁሉም ወንድ ነበር። ዴታሞ የዚያው የሶሮ ወረዳ ልጅ ስለሆነ ነውሩን ያውቃል፤ አጥሩ ጋ ቆሞ ይጠራል። ሴትየዋ እጇን ተለቃልቃ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ደጅ ትወጣለች። ሥራዋን ትታ ከመጣች በኋላ «ሥራ አለሽ?» ትባላለች።

ዴታሞ በሀዲይኛ ሲጠይቅም «ሥራ» የምትለዋን የአማርኛ ቃል እንዳለች ይተዋታል። በእኛ አገር ሥራ ማለት ቢሮ ነው፤ ደመወዝ ነው፤ ቋሚ ቅጥር ነው። እናቴ እንኳን ጎረቤት ሲጠይቃት «ምሕረት ገና ሥራ አልያዘችም፤ እንዲሁ ገጠር ለገጠር ትዞራለች» ነው የምትለው። ስለዚህ ሴትየዋ ትስቅና «የለኝም» ትላለች። «የለኝም» ስትል ደግሞ መጠይቁ የተጫነበት ታብሌት ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ድካም የሚጠይቁትን ሁሉ ይዘልና ስለ መጸዳጃ ቤት ይጠይቃል።

ያቺን ክርኗ የራሰውን ሴት፣ እትዬ አማረችን፣ ያገኘኋት እንዲህ ነው። ሴት ስለሆንኩ ጓሮ ገባሁ። የተጋደመ ሳንቃ ላይ የእንሰቱን ግንድ አስደግፋ፣ አንድ እግሯን አንስታ በተረከዟ ይዛ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ትፍቃለች። ሁለት ጎረቤቶቿ አብረዋት ይፍቃሉ፤ በሌላ ቀን ተራው የእነሱ ነው። ሥራ አላት ወይ ብዬ እንደ ግድግዳ ሆኜ ጠየቅኋት።

«ከየት አምጥቼ ልጄ?» አለችኝ። «ብትቀጥሪኝ እሺ እላለሁ።»

ጎረቤቶቿ በሀዲይኛ አንድ ነገር ተባባሉና ሳቁብኝ። ሞላሁ። ታብሌቱ ዘለለ።

በሚቀጥለው ቀን፣ የእረፍት ቀኔ ነበር፣ ተመልሼ ሄጄ አብሬያት ዋልኩ። መጠይቅ አልያዝኩም። «ትናንት ከተነሳሽ ጀምሮ ምን ስታደርጊ ዋልሽ?» አልኳት። ነገረችኝ። ውሃ፣ ከብት፣ ፍግ መበተን፣ መፋቅ፣ የተፋቀውን ጉድጓድ ውስጥ መቅበር፣ የቆየውን ቆጮ አውጥቶ መጭመቅ፣ ልጆች፣ እንደገና መፋቅ። መሐል ላይ ራሷ አቆመችና «ወይ ጉድ» አለች። ወገቧን ይዛ። ማሽን ሊመጣ ነው የሚለውን ወሬ ሰምታ ኖሮ፣ «እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሐኪም ቤት እንዳትፍቅ ነግረዋታል፤ እሷ ካልፋቀች ግን ቤቱ ምን ይበላል?

ያን ዕለት ቢሮ ውስጥ ይህን ሁሉ ለአቶ ታምሩ ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ወንበር ስበው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«አብረሻት ስትውዪ ሥራ ጨመረች ወይስ ቀነሰች?» አሉኝ።

«ቀነሰች። ድንች ልትቀቅልልኝ ገባች።»

«አየሽ! የአንቺም ዘዴ ያጣምማል። ደግሞ አንዲት ሴት ናት። ጊምቢቹን በአዲስ ጥያቄ ብጠይቅ ቦኖሻን በአሮጌው ጠይቄ እንዴት አወዳድራለሁ?»

ይህ ትክክል ነበር። ያበሳጨኝም ትክክል መሆኑ ነው።

«ሁለቱንም እንደገና እንጠይቅ» አልኳቸው። «ሴቶችን እንቅጠር። ጓሮ ገብተው፣ ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ ብለው ይጠይቁ።»

«በየትኛው መኪና? በየትኛው አበል? ቀነ ገደቡን ማን ያራዝምልኛል?»

«ቢያንስ ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ። ጥያቄው በጊምቢቹ አልሠራም ይባል።»

«አልሠራም ብዬ ብልክ ጥናቱን ማን ይቀበለኛል?» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ዴታሞ፣ አንተ የአገሩ ልጅ ነህ። ምን ትላለህ?»

ዴታሞ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እኔ ጓሮ አልገባሁም» አለ።

«እሱማ አልገባህም!» አልኩት። «አጥር ላይ ተንጠልጥለህ ነው የጨረስከው።»

«ነውር ነው ምሕረት፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። እሱ ይጻፍ ነው የምለው!»

አቶ ታምሩ ጠረጴዛውን መቱ። «በቃ! ግጥም የሚያምርሽ ከሆነ ቤትሽ ጻፊ። ጥያቄው ቀላል አማርኛ ነው፤ ማንም ይገባዋል።»

«እንግዲያው እኔን ይጠይቁኝ» አልኩ።

«ምን?»

«ጥያቄውን። እንዳለ ያንብቡልኝ፤ ቃል ሳይጨምሩ።»

ትንሽ አመነቱ። ከዚያ እልህ ያዛቸውና መነጽራቸውን አድርገው ከላፕቶፑ ላይ አነበቡ። «በአሁኑ ጊዜ ሥራ አለሽ?»

«የለኝም።»

ዴታሞ አንገቱን ደፋ።

«ታዲያ እስካሁን ከማን ጋር ነው የምጨቃጨቀው?» አሉ አቶ ታምሩ።

«በኮንትራት ከተያዘች ልጅ ጋር። ኮንትራት እዚህ ከተማ ሥራ አይባልም። ወጥተው ያገኙትን ሰው ይጠይቁ።»

የገባቸው መሰለኝ፤ አሁንም ይመስለኛል። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መልስሽ ተመዝግቧል» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ እውነት ይሁንልሽ። ታብሌቱን ለዴታሞ አስረክቢ።»

አስረከብኩ። ዴታሞ ሲቀበለኝ ቀና ብሎ አላየኝም። አቶ ታምሩ ሪፖርቱን ላኩት፤ አንድ ጊዜ ተጫኑ፣ አለቀ። ማሽኑ በኋላ ወደ ቦኖሻ ሄደ። እትዬ አማረች አሁንም በቀርከሃ ትፍቃለች።

ከዚህ ሙያ የያዝኩት ነገር አንድ ነው። ወጥመድ በሰቀልንበት ትንኝ እናገኛለን፤ በቆፈርንበት አፈር እናገኛለን፤ በጠየቅንበት ቃል መልስ እናገኛለን። ያልሰቀልንበት፣ ያልቆፈርንበት፣ ያልጠየቅነው ግን ሪፖርት ላይ ሲደርስ «የለም» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ሪፖርት የምታነቡ ሰዎች ከውጤቱ በፊት ጥያቄው ምን ይል እንደነበር፣ ማን የት ቆሞ እንደጠየቀ አንብቡ። አዲስ የምትቀጠሩ ደግሞ ጓሮ ግቡ።

ያን ዕለት ታብሌቱን እንዳስረከብኩ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። በሩን ቀስ አድርጌ ልዘጋው ነበር፤ ነፋሱ ከእጄ ነጥቆ ዷ አደረገው።