ዲሹን ያቋረጥንበት ክረምት

ዲሹንና የቤቱን ኢንተርኔት እናቋርጥ ያለው ባለቤቴ ነው። እራት ላይ ነበርን። እሱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ እኔ ሆስፒታል ነርስ ነኝ፤ የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮም ወሩን ማዳረስ ካቃተው ሰንብቷል።

«ኔቱ እንደሆነ ከሚሠራበት የማይሠራበት ቀን ይበዛል» አለ። «ኳሱንም ካፌ ሄጄ አየዋለሁ። ሁለቱም ይቅሩብን።»

«ድራማውስ?» አለች ልጃችን። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት።

«ድራማው ያለ አንቺም ያልቃል።»

እኔ አልተከራከርሁም። ዘይትና ጤፍ የምገዛው እኔ ነኝ። ነጻ ቻናሎቹን ያሳየን የነበረው አሮጌው ሪሲቨር መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ተቃጥሎብን ስለነበር፣ የዲሹ ክፍያ ሲቆም ቴሌቪዥኑም አብሮ ቆመ። ሶኬቱን ነቅዬ ዳንቴል አለበስሁት።

የምንኖረው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ የቀበሌ ቤት ነው። ድሮ አንድ ሰፊ ቤት ነበር አሉ፤ በኋላ በስስ የኮምፔርሳቶ እንጨት ግድግዳ ለሁለት ተከፈለ። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ባለችው ክፍል አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ። እማማ እንላቸዋለን። ልጃቸው አዲ አርቃይ አግብታ ቀርታለች። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይሄዱም። በዓል ሲደርስ ምግብ እናደርስላቸዋለን፣ ይመርቁናል፤ ከዚያ ያለፈ ቅርበት አልነበረንም።

ቴሌቪዥኑ ኮምፔርሳቶውን ተደግፎ ነው የተቀመጠው። ከእሱ በፊት እዚያ ቦታ ላይ የእናቴ አልጋ ነበር። እናቴን ከትክል ድንጋይ ከተማ ለሕክምና አምጥቻት በሽታው ሳይለቃት እዚያው አረፈች። በመጨረሻዎቹ ወራት ከእኛ ጋር መነጋገር አቁማ ነበር። ስጠይቃት ራሷን ትነቀንቃለች፣ ውሃ ስሰጣት ትቀበላለች፣ ቃል ግን ከአፏ አይወጣም። የሥራ ባልደረቦቼ ድካም ነው አሉኝ። እኔም ድካም ነው ብዬ ተቀበልሁ።

ቴሌቪዥኑ ከተዘጋ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሰምተነው የማናውቀውን ነገር መስማት ጀመርን። ኮርኒሱ ላይ አይጥ ይሮጣል። ዝናቡ ሊመጣ ሲል ቆርቆሮው ቀድሞ ይንጣጣል። እየበላን ስናኝክ እንኳ እርስ በርስ እንሰማማ ነበር።

አንድ ምሽት፣ ልክ ድራማው በሚጀምርበት ሰዓት፣ የወንድ ድምፅ ተሰማ።

«ያለ አንቺ ወደዚያ ቤት አልመለስም» አለ።

የሴት ድምፅ መለሰለት። «ተመለስ። እኔን እንደ ሞተች ሴት ቁጠረኝ።»

ድምፁ የመጣው ከቴሌቪዥኑ ነው። ልጄ ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «እማ፣ ቴሌቪዥኑ እያወራ ነው።»

ባለቤቴ ተነሥቶ ዳንቴሉን ገለጠው። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ገመዱን በእጁ ተከተለ፤ ሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሰውዬው ግን መለመኑን አላቆመም። በዚህ መሃል መብራት ጠፋ፤ የኛ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ሁሉ። በጨለማው ውስጥ ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመረች። ልጄ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ።

«ይሄ እኮ ዲሹ ከመቋረጡ በፊት ያየነው ነው» ብላ አንሾካሾከች። «ቃል በቃል ራሱ ነው።»

«እማማ ሬዲዮ ገዝተው ይሆናል» አለ ባለቤቴ። ሬዲዮ ያንን ድራማ እንደማያስተላልፍ እሱም ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ድምፁ በየምሽቱ ይመጣ ጀመር። ባለቤቴ ኳስ በሌለበት ቀን እንኳ ካፌ ማምሸት አመጣ። ልጄ መጽሐፏን ይዛ መኝታ ቤት ትገባለች። ነገሩ ከእማማ ቤት እንደሆነ ልባችን ያውቀዋል፤ ሄዶ ለመጠየቅ ግን አንዳችንም አልደፈርንም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እረፍት ሆኜ ብቻዬን ቤት ነበርሁ። ከተማውን ጉም ሸፍኖት ከመስኮታችን የጎረቤት አጥር እንኳ አይታይም። ልብስ እያጣጠፍሁ ሳለ ከኮምፔርሳቶው በኩል እንዲህ ሲባል ሰማሁ።

«አያ፣ ምነው ጋቢህ ራሰ?»

የእናቴ ድምፅ ነው። ይመስላል አልልም። ትንፋሽ ሲያጥራት ቃሉን ከመሃል የምትቆርጠው ነገር እንኳ አልቀረም። እናቴ «አያ» የምትለው ታላቅ ወንድም ነበራት፤ እሷ ልጅ ሳለች በክረምት ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶት ሬሳው ሳይገኝ ቀርቷል። ይህን ታሪክ ለባለቤቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

«ግባ እንጂ» አለ ድምፁ። «በር ላይ አትቁም።»

ሳላስበው ዞሬ በራችንን አየሁ። ዝግ ነው። የያዝሁትን ልብስ ጥዬ፣ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁና የእማማን በር አንኳኳሁ።

በሩ ላይ ቶሎ ደረሱ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፣ ሬዲዮም የለም። አልጋቸው ኮምፔርሳቶውን ተጠግቶ ተዘርግቷል፤ የተቀመጡበት ቦታ ሰርጎድ ብሏል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ሲያወሩ እንደነበር ያስታውቃል።

«እማማ፣ አሁን የሚያወራው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ረበሽሁሽ?»

«የሰማሁት የእናቴን ድምፅ ነው።»

አልጋው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ጉልበታቸውን ማሸት ያዙ። «ቴሌቪዥናችሁ ዝም ሲል ጭንቅ አለኝ። ዓይኔ ከደከመ ጀምሮ የማመሸው በሱ ነበር። ድምፁ በዚህ እንጨት አልፎ ሸጋ ሆኖ ይገባል። እናንተ ስታጠፉት እኔ በቃሌ ከያዝሁት ማውራት ጀመርሁ። ከልጅነቴም የሰማሁት ነገር አይጠፋኝም፤ እንደሰማሁት ይወጣል። ድራማው ሲያልቅብኝ ወደ ሌላው ሄድሁ።»

«ወደ የትኛው?»

«ወደ እናትሽ።»

«እናቴ እኮ አትናገርም ነበር።»

«ከእኔ ጋርማ ስታወራ ነበር የምትውለው። አንቺ ሥራ ስትሄጂ እንጨቱን በጣቷ መታ መታ ታደርገዋለች፣ እኔም እዚህ እቀመጣለሁ። አንቺ ባለሽበት ልጠይቃት ስመጣ ግን ጨርሶ እንደማታውቀኝ ሆና ታየኛለች።»

«ያለችዎትን ይንገሩኝ።»

ሊነግሩኝ ሞከሩ። የሚወጣው ግን የራሳቸው የአሮጊት ድምፅ ነበር፣ እሱም መሃል ላይ ይያዝባቸዋል። በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፊት ለፊት አይመጣልኝም። ሂጂና በወዲያ በኩል ተቀመጪ።»

ተመለስሁ። የቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ ገፍቼ የእናቴ ራስጌ በነበረበት መሬት ላይ ተቀመጥሁ። የኮምፔርሳቶው ቅዝቃዜ በልብሴ አልፎ ጀርባዬን ይነካኛል። ማንን እንደምጠይቅ ሳላውቅ ጠየቅሁ።

«እማዬ፣ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ከዚያ እንጨቱ ልክ ከጆሮዬ አጠገብ በጣት መታ መታ ተደረገ።

«ድምፄ ውስጥ ፍርሃት አለ» አለች እናቴ። «ብናገር ትሰሚዋለሽ። ከሰማሽ ሥራሽን ትተሽ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። እኔ ደግሞ ያን አልፈለግሁም። አያ በመጣ ቁጥር፣ ልጄ እስክትገባ ሂድልኝ እለው ነበር። እሺ ብሎ ይሄዳል። አንቺ ስትወጪ ተመልሶ ይመጣል።»

ከዚያ በልጅነቴ የቤት ስም ጠራችኝ። ያን ስም እሷ ከሞተች ወዲህ የጠራኝ ሰው የለም። ለእማማ ነግራቸው ይሆናል፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። እማማም አንድ ቀን ያንኑ ጥያቄ ጠይቀዋት፣ የሰጠቻቸውን መልስ ይሆናል የደገሙልኝ። እዚያ መሬት ላይ ሆኜ ግን እንዲህ ብዬ ማሰብ አልቻልሁም። ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ እስክታነሣኝ ድረስ አለቀስሁ።

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርሁት። እናትሽ ስለናፈቀችሽ ነው አለኝ። በማግሥቱ ምሽት እራት ላይ ሳለን እናቴ ከግድግዳው ውስጥ አቃሰተች፤ ሕመሙ ሲጸናባት ታቃስት እንደነበረው። ባለቤቴ ፊቱ ተለዋወጠ። ሲያስታምማት ያን ማቃሰት እሱም ሰምቶታል። ተነሥቶ እጁን ታጠበና «ነገ የዲሹን እከፍላለሁ» አለ።

ቁጠባችን ክረምቱን እንኳ አልዘለቀም። ኢንተርኔቱን አልመለስነውም፤ እስከ ዛሬም ቤታችን ውስጥ የለም። ዲሹ ግን ተመለሰ፣ ድራማውም ከደረሰበት ላይ ቀጠለ። ማንም ሳያዘው ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ለእማማ እንዲሰማ አድርጎ ይከፍተዋል። የግድግዳው ድምፅ ከዚያ ወዲያ አልመጣም። አንድ እሑድ ብቻዬን ስሆን ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ እንጨቱን በጣቴ መታ መታ አደረግሁ።

«አለቀብኝ ልጄ» አሉ እማማ በራሳቸው ድምፅ። «የሰጠችኝን ሁሉ ሰጠሁሽ።»

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስመለስ ወደ ቤቴ ሳልገባ አስቀድሜ እሳቸው ዘንድ ጎራ ማለት ለመድሁ። አልጋቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ድራማውን ፊታችንን ወደ እንጨቱ አድርገን እንሰማዋለን። ከዚያ በኩል ቤታችን ምን ያህል እንደሚሰማ ያኔ ነው ያወቅሁት። የባለቤቴ ሳል፣ ልጄ ጫማዋን ስትጥል፣ ሁሉም እዚያው አልጋው ላይ ያለ ይመስላል።

አንድ ምሽት ልጄ ወንበር ስትስብ ሰማኋት። ቤት የገባሁ መስሏት ነው መሰለኝ «እማ!» ብላ ተጣራች።

«አቤት» አልሁ፣ ካለሁበት ሆኜ።

ድምፄ በወዲያ በኩል ልክ እንደ እናቴ ድምፅ ከግድግዳው መጣባቸው፤ ሁለቱም ጸጥ አሉ። ቆይቶ ባለቤቴ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ሲያደርገው ሰማሁ።