ሙሉ ጨረቃ፣ ተወርዋሪ ኮከብ እና እናቴ

ዛሬ ነጠላ ጫማዬ ጨረቃ ድረስ የሚደርስ ቢሆን ኖሮ፣ ወላሂ ወርውሬባት ነበር!

የሳይንስ መምህራችን ተወርዋሪ ኮከብ ሊያሳየን በረሃ ሊወስደን ነው። እናቴን ፈቃድ ስጠይቃት፣ «መጀመሪያ ከዚሁ ከሰፈራችን ከዴም አንድ አሳዪኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለች።

እሷ ማንሺያ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ የምትመጣው ሐሙስ ማታ ብቻ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ጨረቃዋም ሙሉ ናት!

እናቴንና አክስቴን ጣሪያ ላይ አወጣኋቸው። የጨረቃዋ ብርሃን ኮከቦቹን ሁሉ ውጧቸዋል። እናቴ ግን በዚያው ብርሃን መርፌዋ ላይ ክር አስገብታ ትሰፋለች።

«ቀን የመሰለች ጨረቃ ወጥታልሽ ኮከብ ካልታየሽ፣ ዓይንሽን መታከም አለብሽ» ትለኛለች።

ጨረቃዋን እንዲከልልልን ጣሪያው ላይ የምንተኛበትን አልጋ የውሃ ታንከሩ ጥላ ውስጥ አስገባሁት። ጥላው በሸሸ ቁጥር አልጋውን እጎትታለሁ፣ ሁለቱም እላዩ ላይ እንደተቀመጡ!

«ያላ፣ ትንሽ ወደ ግራ!» ትላለች አክስቴ፣ ሪክሻ የተሳፈረች ይመስል።

ወገቤ ሊቆረጥ ሲል አክስቴ ጮኸች። «አዑዙ ቢላህ! ያውና፣ መላእክቱ ሸይጣኑን በኮከብ መቱት!»

ሦስታችንም አየነው። የገረጣች፣ ቀጭን ጭረት ብልጭ ብላ ጠፋች። በደስታ ዘለልኩ።

«እማ፣ አየሽ አይደል? በቃ ልሂድ?»

እናቴ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ከዚህ ከታየ፣ በረሃ ምን ያስኬድሻል?»

ከእናንተ መካከል እናቱን በክርክር የረታ ካለ፣ እባካችሁ ዘዴውን ከሥር ጻፉልኝ። አባታችሁን የረታችሁ አትድከሙ፤ እሱንማ እኔም እችላለሁ።