በሙጫ የተለጠፈው ዳዶ

ዳርቱ ያደገችው የካ ዳገት ላይ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው በሚወርዱ ሴቶች መሀል ነው። ኮምፒውተር ተምራ በሰፈሩ የወጣቶች ማዕከል ስትቀጠር የነዚያን ሴቶች ታሪክ በገዛ ድምፃቸው መቅዳት ጀመረች። ቅጂዎቹን የምታስቀምጠው ራስበሪ ፓይ በምትባል፣ መዳፍ በማትሞላ ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ ወደ ማዕከሉ የመጣ ሁሉ በስልኩ ዋይፋይ ገብቶ ያዳምጣል።

ያስቸገራት መብራት ነው። በጠፋና በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሯ የምትነሳበትን ሚሞሪ ካርድ ያበላሸዋል። ስለዚህ ከውጭ በሚሰካ፣ ኤስኤስዲ በሚባል ጠንካራ የመረጃ ማከማቻ ልታስነሳት ወሰነችና የማዕከሉን ዕቃ ገዢ ፊሊጶስን ጠየቀችው። እሱም ጥቁር፣ ከበድ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ይዞላት መጣ።

ዳርቱ ሲስተሙን ጫነችበት፤ ኮምፒውተሯ ስትነሳ መጀመሪያ እሱን እንድትፈልግ አስተካከለችና ካርዱን ነቀለች። ያለ ካርዱ ተነሳች! በደስታ ቅጂዎቹን ሁሉ ወደ አዲሱ ዕቃ አዛወረች። ድምፁን የቀዳችበት ስልኳም ሞልቶ ስለነበር እዚያ ያሉትን አጠፋቻቸው።

አንድ ጠዋት ኮምፒውተሯ አልነሳም አለች። ዳርቱ ኤስኤስዲውን ላፕቶፗ ላይ ሰክታ አየችው። የፋይሎቹ ስም አለ፤ ሲከፈቱ ግን ድምፅ የለም። ሽፋኑን በቢላዋ ፈልቅቃ ከፈተችው። ውስጡ ቢጫ ሙጫ እንደ ንፍጥ ተዝረክርኳል። ሙጫው መሀል ቅጂዎቹን ሁሉ መያዝ የማትችል አንዲት ተራ ሚሞሪ ካርድ፣ አጠገቧ ደግሞ ክብደት እንዲሰጥ የተለጠፈ የዛገ የብሎን ዳዶ።

«ፊሊጶስ፣ ና እስኪ ይህን እይ።»

አየና ሳቅ አለ። «የሸጠልኝ ሰውዬ ኮፒ ነው ብሎኝ ነበር። ከፍተሽ ታያለሽ ብዬ መች አሰብኩ?»

«ታውቅ ነበር?»

«ኧረ አታካብጂ! የጠፋው የእንጨት ለቃሚ ወሬ አይደል እንዴ?»

የእናቷ ጀርባ በእንጨት ሸክም ጎብጦ መቅረቱን ይህ ሰው ያውቃል። ምሳ ሲበሉ ስንቴ አጉርሷት ነበር! ሮጣ ሄዳ አፏን ተጉመጠመጠች፤ እጇን ደጋግማ ታጠበች። ለኃላፊያቸው ብትነግር «ይስተካከላል» ተብላ ተሸኘች።

በማግስቱ ዳገቱን ወጥታ ድምፃቸውን ከቀዳቻቸው ሴቶች አንዷ ወደሆኑት እማማ አስያ ቤት ሄደች። እማማ አስያ ሸክም ላይ ሳሉ ጫካ ውስጥ ወልደው እዚያው ስለቀበሩት ልጅ ከእሷ በፊት ለማንም ነግረው አያውቁም ነበር።

«እማማ፣ የቀዳሁት ድምፅዎ ጠፋ። ይቅር ይበሉኝ።»

«የልጁም?»

«እሱም።»

«ይኸውልሽ ልጄ፣ እሱን አንዴ አወጣሁት፣ በቃኝ። ስለ ጫካው ጥበቃዎች፣ ስለ ዱላቸው ከፈለግሽ አወራሻለሁ። እሱን ግን ደግመሽ እንዳትጠይቂኝ።»

ዳርቱ የራሷን ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ፈትታ አወጣች፤ ሲስተሙን ጫነችበትና በዩኤስቢ ማቀፊያ ከትታ ትንሿ ኮምፒውተር ላይ ሰካችው። ኮምፒውተሯ ያለ ካርድ በመጀመሪያው ሙከራ ቀጥ ብላ ተነሳች። ፊሊጶስ በሩ ላይ ቆሞ «ይኸው! ምን ያስለቅስሻል ታዲያ?» አላት።

እማማ አስያ ስለ ጥበቃዎቹ ያወሩትን አሁን ሁለት ቦታ አስቀምጣዋለች። ፊሊጶስ ቢሮ ውስጥ ሲስቅ በሰማች ቁጥር ግን ዛሬም ሄዳ እጇን ትታጠባለች።